መስኮቱ ይወርዳል ወይ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ደጋውንም ቆላውንም ያያል። ማለዳ ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ሆኖ ጋቢውን ይከናነባል፤ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሸሚዙም ይበዛበታል። በዚህ መስመር የሚሠራ መኪና መስኮቱ መዘጋትም መከፈትም አለበት። ብዙው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚችለው፤ መስታወቱ በታጠፈ ካርቶን ተወጥሮ አይወርድም፣ ወይም አንዴ ወርዶ አይመለስም። «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» የሚል ተሳፋሪ ስለማይጠፋ ሾፌሩም ለማሠራት አይቸኩልም።

በዚህ ጥፋተኛው መካኒኩ ብቻ አይደለም። «ቶሎ ግጠመውና ልሂድ» እያልን አናቱ ላይ የምንቆመው እኛ ነን።

የበር መስታወት የመቀየር ሥራ ጥድፊያ አይወድም። ባለሙያው ከመስታወት ማንሻው እጀታ ጀርባ ጨርቅ አስገብቶ ግራና ቀኝ ሲስበው ትንሿ ሞላ ትፈናጠራለች፤ እጀታው ይወጣል፣ የበሩ ሽፋን ይከተላል። የጎን መስታወት እንደ ፊተኛው ተሰንጥቆ አይቀርም፤ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል። የረገፈው ሁሉ ከበሩ ሆድ ካልተጠረገ ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይደፍናል። አዲሱ መስታወት ጋደል ብሎ ይገባና በጎማዎቹ መሀል ይቀመጣል። ቦሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይያዛሉ፤ መስታወቱ እስከ ላይ ወጥቶ ቦታውን ሲይዝ ነው የሚጠብቁት። ቀድሞ የጠበቀ መስታወት ተንጋዶ ይሄዳል፣ ጎማውን ይበላል፣ ማንሻውንም ይሰብራል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የላስቲኩ ነገር ነው። በላሜራውና በሽፋኑ መሀል በማጣበቂያ የተለጠፈው ላስቲክ አንዴ ከተቀደደ «ምን ይሠራል?» ተብሎ ይጣላል። ዝናብ ግን በመስታወቱ ጥግ ሁልጊዜም ወደ በሩ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ቀዳዳዎቹ የሚመልሰው ያ ላስቲክ ነው። የጎጃምን ክረምት ለሚያውቅ የቀረውን መንገር አያስፈልግም፦ ሽፋኑ ያብጣል፣ ምንጣፉ ይሻግታል፣ ላሜራው ከሥር በዝገት ይበላል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችው አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ክረምት ይጠብቃታል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ቢሆን አያመልጥም፤ የእሱም መስታወት በጎማ መሀል ነው የሚሮጠው።

እንግዲህ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት መስታወቱን ራሳችሁ አውርዳችሁ መልሱት። በበሩ አናት አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱና ከሥር ሲወርድ እዩ። ላስቲኩ መመለሱንም ሽፋኑ ሳይገጠም አረጋግጡ። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ ባለሙያ ትንሽ ጨምሮ ቢጠይቃችሁ አትከራከሩት፤ የላሜራ ዋጋ ከዚያ ይበልጣል።