ገበያው ይሮጣል፣ የግብር ሰንጠረዡ ተኝቷል

በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ወዳጄ ሰሞኑን ቡና ስንጠጣ የደመወዝ ስሊፑን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ጠቅላላ ደመወዙ 12,000 ብር ነው። የሥራ ግብር 2,250፣ ጡረታ 840፤ እጁ የሚገባው 8,910 ብር። «በድሮው ሰንጠረዥ ግብሩ 2,700 ነበር፤ 450 ብር ቀንሰውልኛል» አለና ሳቀ። «ተመስገን በል እንዳትለኝ ብቻ!»

አላልኩትም። ለምን ብትሉ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 150 ብር ነበር። ይኸው 150 ብር ለ14 ዓመት ንቅንቅ አላለም። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 979 ወደ 600 ብር ከፍ አለ፤ እሱም በተራው ዘጠኝ ዓመት ተኛ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በአዋጅ ቁጥር 1395 ወደ 2,000 ብር አደገ። ጥሩ ነው፣ ይበል ያሰኛል።

ግን እስቲ ሰንጠረዡን ወረድ ብላችሁ እዩት! የ10 በመቶው እርከን የለም፤ ደመወዝተኛው 2,000ን እንዳለፈ ዘሎ 15 በመቶ ላይ ያርፋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ላይኛው ጫፍ ነው። 35 በመቶ ይጀምር የነበረው ከ10,900 ብር በላይ ነው፤ አሁን ከ14,000 በላይ ሆኗል። በ2008 መጨረሻ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበርና ያ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይመጣ ነበር። በ2016 ሐምሌ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ዶላሩ ጣሪያ ነካ፤ አዲሱ አዋጅ ሲወጣ ከ130 ብር አልፎ ነበር። 14,000 ብር እንግዲህ 100 ዶላር አካባቢ ነው። የትልቅ ደመወዝተኛ የነበረው ግብር የጸሐፊና የሾፌር ግብር ሆነ ማለት አይደለም ወይ? ከ14,000 ብር በላይ ላለው ሰው ሁሉ የተቀነሰው በወር 550 ብር ብቻ ነው። 550 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለአንባቢ አልነግርም።

ይህ ማለት አዋጅ ሳይወጣ፣ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ ግብር ይጨመራል ማለት ነው። አሠሪው ኑሮ ስለተወደደ ትንሽ ይጨምራል፤ ሠራተኛው ሀብታም ሳይሆን እርከን ይዘላል፤ ጭማሪውን መንግሥት ይካፈለዋል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን ብትጠይቁ ሌላ ነገር ይነግሯችኋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ ሕግ፣ ከ1985 ጀምሮ የፌዴራሉ የገቢ ግብር እርከኖች የዋጋ ንረቱን እየተከተሉ በየዓመቱ ይስተካከላሉ። ለነጠላ ግብር ከፋይ ከገቢው ላይ የሚነሳለት መደበኛ ተቀናሽ በ2025 15,750 ዶላር ነበር፤ ለ2026 16,100 ሆኗል። ሠራተኛው በአሠሪው በኩል ለጡረታ የሚያጠራቅመው ጣሪያም ከ23,500 ወደ 24,500፣ ለሕክምና የሚያስቀምጠው ደግሞ ለአንድ ሰው ከ4,300 ወደ 4,400 ከፍ ብሏል። አሜሪካ ገነት ናት አላልኩም፤ የሐኪም ቤት ሒሳቧን የቀመሰ ያውቃታል።

የእኛው ወዳጄ ግን ሳያያት የምትሄደው የጡረታ 840 ብር ራሷ ግብር ትከፍላለች። ግብሩ የሚሰላው ከሙሉው 12,000 ላይ ነዋ! ጡረታው አስቀድሞ ቢነሳለት ግብሩ 1,998 ይሆን ነበር፤ በወር 252 ብር ይተርፈው ነበር። ሕክምናም እንደዚሁ። አሠሪው ቢያሳክመው ወጪው ከግብር ነፃ ነው፤ ከገዛ ደመወዙ ለእናቱ መድኃኒት ቢገዛ ግን ማንም አይቀንስለትም።

የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረቱን በየወሩ ያወጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር እርከኖቹ በዚያ ቁጥር ልክ ይስተካከሉ የሚል አንድ አንቀጽ አዋጁ ውስጥ ይግባ። ለዚህ ደግሞ ሌላ ዘጠኝ ዓመት እንጠብቅ?