ፖሊሲ ሊማሩ ሄደው ስም ገዝተው እንዳይመጡ!

ሰሞኑን ለእርማት የሚመጡልኝ ወረቀቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውብኛል። እኔ የጋዜጣ ሥራ ሲጠፋ የሰው ማመልከቻ እያረምኩ የምኖር ባለ ዲፕሎማ ነኝ። ዱሮ የሚመጣልኝ የሥራ ማመልከቻና የፍርድ ቤት አቤቱታ ነበር። ዛሬ ግን ከየመሥሪያ ቤቱና ከየኤንጂኦው የሚመጣው ወጣት ሁሉ «በሕዝብ ፖሊሲ ማስተርሴን ልሠራ ነው»፣ «ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ልማር ነው» ባይ ነው። መማሩ እሰየው! ግን ለምን ያንን ትምህርት ቤት እንደመረጠ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ስሙ ትልቅ ነዋ!» አለቀ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ኧረ ለመሆኑ ስም ይበላል?

በቀደም አንዱ ወጣት «ውጭ አገር እንልካለን» የሚል ታፔላ ከሰቀለ ቢሮ የተሰጠውን የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ይዞልኝ መጣ። የቢሮውን ስም አልጠራም። ዝርዝሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ተማሪውን የሚያስከፍሉ እንጂ ለተማሪው የሚከፍሉ ትምህርት ቤቶች አልነበሩበትም። ምነው ቢባል፣ ደላላ ከነጻ ትምህርት ምን ያገኛል? የልጁ እናት ደግሞ ኮንዶሚኒየሟን ለመሸጥ ገዢ እያፈላለገች ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጉልት ተቀምጣ ያጠራቀመችውን ቤት!

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሃርቫርድ ኬኔዲ ስኩል የሁለት ዓመቱን የሕዝብ ፖሊሲ ማስተርስ ከነኑሮው ለሚከፍል ሰው ወጪው ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ብራችን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ቢያንስ 15 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። የትኛው ኮንዶሚኒየም ነው ይህን የሚችለው? እናትየዋ ቤቷን ሸጣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከፍላ፣ ከዚያ ልጇ በዕዳና በልመና ሊጨርስ ነው።

የሚገርመው፣ ከዚያው ከአሜሪካ ሳንወጣ ፕሪንስተን የሚባለው አለ። ይህ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመቱን ማስተርስ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች፣ ከየትም አገር ይምጡ፣ ሙሉውን የትምህርት ክፍያ ሸፍኖ ለብዙዎቹ የመኖሪያም ይሰጣል። በስምም ቢሆን ከማንም አያንስም። (የቀድሞ ስሙን፣ የፕሬዚዳንት ዊልሰንን፣ በዘረኝነታቸው ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. አውልቆ የጣለ ነው።) መግባቱ ከባድ ነው፤ የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው። ቢሆንም በዚያ ልጅ ዝርዝር ላይ አልነበረም! ጀርመን ኤርፈርት ያለው ዊሊ ብራንት ስኩልም አልነበረም። ለዚህ ትምህርት ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን በሄልሙት ሽሚት ስም የሚረዳው የጀርመኑ ዳአድም፣ በተለያዩ የአውሮፓ አገሮች እያዘዋወረ የሚያስተምረው የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራምም እንደዚያው። ታዲያ ጀርመን የተባለ ሁሉ በነጻ እንዳይመስላችሁ፤ በርሊን ያለው ሄርቲ የግል ነው፣ ያስከፍላል።

ሌላው ጉድ፣ ሁለቱን ትምህርቶች እንደ አንድ የሚያያቸው መብዛቱ ነው። የሕዝብ ፖሊሲ ማስተርስ ማለት በአብዛኛው ኢኮኖሚክስና ስታቲስቲክስ ነው። የስንዴ ድጎማ ቢነሳ ማን ይጎዳል፣ አንድ ፕሮጀክት ሰውን ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለውን በቁጥር ለክቶ ማሳየት ነው። ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ደግሞ ታሪክ፣ ሕግ፣ ንግድ፣ የውጭ ቋንቋና ድርድር ነው። ሒሳብ ሲያይ የሚያመው ልጅ «ፖሊሲ» የሚለው ቃል አማሮት ገብቶ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሲንገዳገድ ይገኛል። በአባይ ውኃ ድርድር ላይ መቀመጥ የሚመኘው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የቁጥር ሠንጠረዥ ሲያሰላ ይከርማል። ምን ምን ኮርስ እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ወረቀት አንብቦ የመጣልኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው!

ለነገሩ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በ1946 እ.ኤ.አ. በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ለኢትዮጵያ ሲሟገቱ የያዙት ፈረንሳይ አገር የተማሩትን ሕግ ነበር። «ዓለም አቀፍ» የሚል ዲግሪ ያልያዘ ዲፕሎማት አይሆንም ያለው ማነው?

አሁን ደግሞ ደላላው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምሩቃን ትልልቅ ቀጣሪዎች ከሚባሉት አንዱ የአሜሪካ መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቱ ነበር። ዩኤስኤይድ በጁላይ 2025 ተዘጋ። በዚያው ወር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከ1,300 በላይ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ከ1977 ጀምሮ ባለ ማስተርስ አሜሪካውያን ወጣቶችን ወደ ፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲያስገባ የኖረው ፕሮግራም ደግሞ ቀደም ብሎ በፌብሩዋሪ ተሰርዟል። ሃርቫርድማ በሜይ 2025 የውጭ አገር ተማሪ እንዳይቀበል ተብሎ ፍርድ ቤት ነው ያዳነው። እነዚህ ሁሉ የተባረሩ ባለሙያዎች፣ ልምድም ቋንቋም ያላቸው፣ ሥራ ፍለጋ ላይ ናቸው። የእኛ ልጅ በ15 ሚሊዮን ብር ዕዳ የሚሽቀዳደመው ከእነሱ ጋር ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልብ ይበሉ። በጁላይ 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ሙሉ ወጪውን ያበድር የነበረው የመንግሥት ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ እንዳያስተናግድ ተወስኗል። ለተራ ማስተርስ የሚቀረው በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የፈለገ የባንክ ደጅ ይጠናል።

አገር ቤት ይሻላል ወይ ለምትሉኝ፣ በደፈናው ይሻላል አልልም። የመንግሥት ሠራተኛን ለማሠልጠን በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ አለን። ግን የፖሊሲ ምሁር «ይህ ዕቅድ አይሠራም» ብሎ የማይናገርበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ከየትም የመጣ ዲግሪ ያው ወረቀት ነው። ያም ሆኖ የአፍሪካ ኅብረት ያለው እዚሁ ከተማችን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ ነው። ዓለም አቀፍ ጉዳይ በታክሲ የሚደረስበት ከተማ እየኖሩ፣ ሁለት ዓመት እንኳ በሙያው ሳይሠሩ ለመሄድ መጣደፍ ምን የሚሉት ነው? ደህና ትምህርት ቤቶች እኮ የሥራ ልምድ ያለውን ነው የሚያስቀድሙት።

ለዚያ ልጅ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። ቢሮው የሰጠህን ዝርዝር ተወውና ለትምህርት ቤቱ ራስህ ጻፍ፤ ከውጭ አገር ተማሪዎቻችሁ ስንቱ ሙሉ ድጋፍ አገኘ፣ አምና የተመረቁት የት ተቀጠሩ፣ ስንቱ እስካሁን ሥራ ፈት ነው በላቸው። መልስ የሚያድበሰብሰውን ሰርዘው። የብዙዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚዘጋው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነውና ጊዜ አለህ። ለእናትህም ንገራት፤ ገዢ ማፈላለጉን ለጊዜው ታቁመው።