የእርሷን ደብዳቤ እኔ አነበብኩት

ዛሬ የራሴን ጥፋት ይዤ ቀርቤአለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መጻሕፍት አንዲት ማየት የተሳናት ወጣት እህት ኢሜይሏን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። የሚስጥር ቁልፏን በጆሮዬ ነገረችኝ፤ እኔም ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ላመለከተችበት ሥራ እንዳልተመረጠች የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። በዙሪያችን የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ። አንገቷን ደፍታ «ጌታ ይባርክሽ» ብላኝ ወጣች። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ «አንቺስ ደብዳቤሽን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢያነብብሽ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ለካ የጎደለው የእኛ ኮምፒውተር ነበር! ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስንጫን ናሬተር የሚባለው አንባቢ ፕሮግራም ይነሣል። ኤንቪዲኤ የተባለ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ በነጻ ይገኛል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከራን የተባለ፣ ራሱ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ነው። የሚሸጡት ፕሮግራሞች ዋጋቸው ከብዙዎች አቅም በላይ ስለነበር ነው በነጻ እንዲሆን የፈለገው። አብሮት ያለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። የማሽን ድምፅ ስለሆነ ጆሮ እስኪለምደው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ!

ኤንቪዲኤ በፍላሽ ተይዞ፣ ሳይጫንም ይሠራል። ነገር ግን በብዙ የጋራ ኮምፒውተሮች ላይ ቫይረስ በመፍራት ፍላሽ ይከለከላል። ተጠቃሚው ያስተካከለውም ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ይሰረዛል። ስለዚህ ኃላፊው ራሱ ቀድሞ ሊጭነው፣ የጆሮ ማዳመጫም ሊያዘጋጅ ይገባል።

ሌሎችንም አንርሳ። በአንድ እጁ ለሚጽፍ ሰው፣ ሺፍትን አምስት ጊዜ ሲጫን የሚነሣ አገልግሎት አለ፤ በአንድ ጊዜ የሚጫኑትን ቁልፎች በየተራ እንዲጫን ያስችለዋል። ዓይኑ ለደከመ ሰው ዊንዶውስና የመደመር ምልክት ጽሑፉን ያጎላሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ደግሞ ደረጃ የሌለው መግቢያና ጉልበት የሚያስገባ ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

ይህ የችሮታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ አገልግሎቶች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል።

እኛም በአንዱ ኮምፒውተር ጀመርን። ስታስቡ፣ መጀመሪያ ተጠቃሚዎቹን ጠይቁ፤ እኛ የረሳነውን የነገረችን ያቺው እህት ናት። ማዳመጫው የሚሰካበት ከጠረጴዛው ሥር ስለነበር በዳበሳ አታገኘውም ነበር። አሁን ከፊት ለፊት ነው።

ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ ማዳመጫዋን አድርጋ ብዙ ቆየች። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አለች። ምን እንዳነበበች አላውቅም። ላውቅም አይገባኝም።