«ዜሮ ትምህርት ቤት»

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአገር ደረጃ ያለፈው ከመቶ 3.2 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምደባ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ዜሮ ትምህርት ቤት ብቻ አይድረሰኝ» የሚል ሠልጣኝ በዝቷል።

ለመሆኑ ምኑን ከምኑ ነው የምናወዳድረው? አንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪውን በፈተና አጣርቶ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ማታ መብራት ያበራለታል። ሌላው የገጠር ወረዳ ትምህርት ቤት ነው፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ልጁ ከቀበሌው ወጥቶ፣ ለሦስት ለአራት ሆኖ ቤት ተከራይቶ፣ እሑድ ከእናቱ ቤት ተሸክሞ ባመጣው ስንቅ ሳምንቱን ይገፋል። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል። (ያየ ያውቀዋል!) እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አሰልፎ «ማን ቀደመ?» ማለት ምን የሚሉት ውድድር ነው?

ማወዳደሩ አይቅር። ግን የወረዳውን ትምህርት ቤት ከጎረቤት ወረዳው ጋር እናስተያየው፤ ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ እንዴት ያነቡ ነበር? ስንቱ አቋረጠ? ፊዚክሱን ያስተማረው ማን ነው? ተመሳሳይ ልጆች ተቀብሎ አንዱ አሥር ሲያሳልፍ ሌላው ባዶ ከቀረ፣ ያኔ ርእሰ መምህሩም መምህራኑም ይጠየቁ። እኛም እጣ ስናወጣ «ስንት አሳለፈ?» ከማለታችን በፊት «የጎደለው የምን መምህር ነው?» እንበል።