የጠፋውን ሰው የት አደረሳችሁት?

ባለፈው ሳምንት በንባብ ክበባችን ውይይት ላይ አንድ ወንድማችን ብድግ ብሎ፣ «ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ ነው!» ቢል ግማሹ ቤት አጨበጨበለት። የቀረው ግማሽ ደግሞ፣ «ኧረ ተወን! እኛ ገዳዩ ማን እንደሆነ ካወቅን ይበቃናል» ብሎ ሳቀ። ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ለሁለቱም ወገን የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ለአጨብጫቢዎቹ። እንዲህ ዓይነቱን ልብወለድ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ይጠፋል። ፈላጊ ይነሳል። ፍለጋው የቆየ፣ የተቀበረ ጉድ ያወጣል። «ይህ የፈረንጅ ፈጠራ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ትላላችሁ። እኛን ካልተመለከተ ታዲያ ማንን ሊመለከት ነው? ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ፤ አስከሬናቸው ግን እዚያው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ አፅማቸው የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። እነዚህ እንግዲህ ስማቸው የገነነ ሰዎች ናቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ከየቤቱ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ወጥቶ የቀረውን ተራ ሰው ማን ቆጠረው?

በዓሉ ግርማንስ ምን ልትሉት ነው? «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ይዞ፣ ጋዜጠኛውን ፀጋዬን አስመራ አስገብቶ፣ ስለላን ከፍቅር ጋር ገምዶ ጻፈ። እንደ እናንተ አነጋገር ከሆነ ልብ አንጠልጣይ ነው። ግን ምን ሆነ? መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት እንደወጣ ቀረ። መኪናው ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ደርግ ከወደቀ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ መቃብሩ ይኸውላችሁ ያለን የለም። ጊዜ ማሳለፊያ ትላላችሁ? በጊዜ ማሳለፊያ ሰው አይጠፋም፣ ወንድሞቼ!

አሁን ደግሞ ወደ ሳቂዎቹ ልምጣ። የአያቴ ወንድም ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ በ1970 ዓ.ም. ተያዘ። ከዚያ በኋላ ወሬው የለም። አያቴ እስከ ዛሬ እርሟን አላወጣችም። ለቅሶ እንቀመጥ ሲሏት፣ «ሬሳ ሳላይ ምን ብዬ?» ትላለች። ማታ በር ሲንኳኳ ሁላችንም እናያታለን፤ ቀና ትልና መልሳ ታቀረቅራለች። ልብ ማንጠልጠል ይሏችኋል ይኼ ነው! ለእሷ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሁለተኛ ነገር ነው። የምትጠይቀው «የት ነው ያለው?» ብላ ነው።

በእጃችን ከሚዞሩት መጽሐፎች ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ ይፈሩታል። ሰውየው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም። መርማሪው ሽጉጡን ይዞ ይሮጣል፣ ከቆንጆ ጋር ይፋቀራል፣ ወንጀለኛው ይያዛል፣ አበቃ። የጠፋውስ? ማን ነበር? ምን ይወድ ነበር? ማን ነው ራቱን ከድኖ የጠበቀው? የት ወደቀ? ጭጭ! ሰው የጠፋው ታሪኩን ለማስነሳት ብቻ ከሆነ፣ ደራሲው ሁለተኛ አጠፋው ማለት ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ። ከዲላ ወደ ቡሌ በሚወስደው መንገድ ቱቱ ፈላ አለላችሁ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስንቶቻችን ሄደን ፎቶ ተነሳን! ድንጋዮቹ የቆሙት በመቃብር ላይ ነው። አንዳንዶቹ የሰው መልክ ተቀርጾባቸዋል። ከሥር የተኙትን ሰዎች ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም። ድንጋዩ ግን ሥራውን ይሠራል፤ «እዚህ ሰው አለ» ይላል። ፊደል ያልነበረው ሰው በድንጋይ ይህን ካደረገ፣ እኛ በፊደል እንዴት ያቅተን?

ልብ አንጠልጣይ ልጻፍ የሚል ካለ ለንደንና ኒውዮርክ ምን አስኬደው? ሚጭሌ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። በ1952 ዓ.ም.፣ ይህ አገር ገና «ደራሳ አውራጃ» በሚባልበት ጊዜ፣ የቡና ገበሬው በባለርስቱ ላይ ተነሳ፤ ጦር ይዞ ጠመንጃ ገጠመ። ስንቱ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ! ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነገ አይገኙም። ሂዱና ጠይቋቸው፤ ያን ቀን ያልተመለሰው ማን ነበር? እናቱስ ስንት ዓመት ጠበቀችው? ከዚያ ጻፉት፤ ልባችንም ይንጠልጠል፣ እንቅልፍም እንጣ።

ደራሲ ሙት እንዲያስነሳ አልጠየቅኩም። የጠፋውን ሰው መጨረሻ ያድርሰው፣ እርማችንን እናውጣ ነው ያልኩት። የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ ገጹ ክፍት ነው።