የስደተኛው እንጀራና የአገሬው ሠራተኛ

«እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው» ይባላል። የተለወጠው የእንግዳው ጠባይ ሳይሆን፣ የጎደለው የአስተናጋጁ ጓዳ ነው። ለሦስት ቀን ያረፈ ይስተናገዳል፤ ዐሥር ዓመት የሚቀመጥ ግን ሠርቶ መብላት ይገባዋል። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ስደተኞችን ያስጠጋችው አገራችን ዛሬ የቆመችው በዚሁ ጥያቄ ፊት ነው።

ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል፣ ሦስት ዓመት የኖረ ስደተኛ የአገሬውን ሠራተኛ ለመጠበቅ ከሚወጣው ክልከላ ነፃ ይሁን የሚለውን ቃል የምትቀበለው እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አለመሆኑን አስታውቃ ነበር። የ1996 ዓ.ም. አዋጅም ስደተኛውን በሥራ ረገድ ከማንኛውም የውጭ አገር ሰው ጋር አስተካከለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ግን በሩን ከፈተ። በዚህም አዋጅ ስደተኛው ከውጭ አገር ሰዎች ሁሉ የተሻለው የሚያገኘውን መብት ያገኛል፤ መንግሥትና የዓለም ማኅበር በጋራ ባቋቋሙት ሥራ ላይ ሲሰማራም ከኢትዮጵያዊው እኩል ይታያል። ማስፈጸሚያው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። አብዛኞቹ መጠለያዎች ሥራ ከሚገኝባቸው ከተሞች ርቀው በጠረፍ ይገኛሉ። በመጠለያው ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ስደተኛም «ማበረታቻ» የሚባል ጥቂት ገንዘብ ሲቀበል፣ በዚያው ሥራ ላይ ያለው የአገሩ ተወላጅ መምህር ደመወዝ ይቀበላል።

«የራሳችን ልጆች ሥራ አጥተው ሳለ ለእንግዳው እንዴት ይሰጣል?» የሚል አይታጣም። ስጋቱ ከክፋት የመነጨ አይደለምና ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ሆድ ፈቃድ አይጠብቅም፤ የተከለከለ ስደተኛ ሥራ አይተውም፣ ተደብቆ ይሠራል እንጂ። ተደብቆ የሚሠራም የሰጡትን ይቀበላል፤ ቢበደል አይከስም። አሠሪው ርካሹን ጉልበት ካገኘ ደግሞ ተገቢውን ዋጋ የሚጠይቀውን የአገር ልጅ ወደ ጎን ይተወዋል። እንግዲህ የአገሬውን ዋጋ የሚያወርደው ክልከላው ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለቱም በአንድ ሕግ፣ በአንድ ዓይነት ውል ሲሠሩ ግን አሠሪው የሚመርጠው በሙያ ይሆናል።

ይህ የሚቻል መሆኑን ዶሎ አዶ አሳይቷል። በዚያ በኢኬያ ፋውንዴሽን ርዳታ ከገናሌ ወንዝ ውሃ እየተሳበ፣ ስደተኛውና አገሬው በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ታቅፈው አንድ መስኖ ያርሳሉ። እርግጥ ነው፤ መሬቱ ለሁሉም አይዳረስም፤ ሥራውም ብዙ የውጭ ገንዘብ የፈሰሰበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ለስደተኞች የሚሰጠውን ስፍር ቀንሷል። ስፍሩ ሲጎድል ሥራው ካልተተካ፣ ሸክሙ የሚወድቀው በአጠገቡ ባለው ድኻ ገበሬ ጫንቃ ላይ ነው። ስለዚህ የሥራ ፈቃዱ እስከ መጠለያው ይድረስ፤ የሙያ ምስክር ወረቀት ይታወቅ፤ ለእኩል ሥራ እኩል ዋጋ ይከፈል፤ ለጋሾችም ለስፍር ብቻ ሳይሆን ለሥራ ይስጡ። ያን ጊዜ ሲከርም ብረት የሚሆነው እንግዳ ማረሻ ይሆነናል።