የጎርፉ ግራፍ በገበሬው ፊት ይዘርጋ

ክረምት በመጣ ቁጥር የገበሬ ማኅበራት መሪዎችን የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ አንድ ነው። በበጋ የተሠራው እርከንና ክትር የዘንድሮውን ጎርፍ ይችለዋል ወይስ ይፈርሳል? ገበሬው በበጋው ወራት ጉልበቱን ያፈሰሰው፣ የግጦሽ መሬቱንም ለከብቶቹ ከልክሎ የዘጋው የዚህ ጥያቄ መልስ መልካም እንዲሆንለት ነው።

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ በመፈለጉ ሥራ ኮምፒዩተርም ገብቶበታል። የተፋሰስ ጥናት የሚያካሂዱ ባለሙያዎች የዝናቡን መጠን፣ የመሬቱን ተዳፋትነት፣ የአፈሩን ዓይነትና የዕፅዋቱን ሽፋን ወደ ሶፍትዌር አስገብተው ከተፋሰሱ ምን ያህል ውሃ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወርድ ያሰላሉ። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር የተዘጋጀው ሄክ-ኤችኤምኤስ እና በዚያው አገር የእርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች የጀመሩት ስዋት የተባሉት ሶፍትዌሮች በኢትዮጵያ ተፋሰሶች ላይም ተሠርቶባቸዋል።

ሥራው የሚመሰገን ነው። ችግሩ ያለው ውጤቱ ለገበሬው በሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው። የብዙ ወራት ጥናት በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ወደ ስብሰባ የሚመጣበት ጊዜ አለ። «እርከኑ ሲሠራ ጎርፉ በመቶ ይህን ያህል ይቀንሳል» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ቃለ ጉባዔው ይፈረማል። ይህ አሠራር ሊታረም ይገባዋል። ቁጥሩ የወጣበት ግራፍ በገበሬው ፊት መዘርጋት፣ የማኅበሩም መሪዎች አንብበው ሊጠይቁበት መቻል አለባቸው።

ግራፉን ማንበብ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። በሄክ-ኤችኤምኤስ ስሌቱ እንዳለቀ ባለሙያው በኮምፒዩተሩ ላይ ከሚታየው ካርታ አንዱን ንዑስ ተፋሰስ መርጦ ውጤቱን በሦስት መልክ ሊያወጣው ይችላል። እነዚህም ግራፍ፣ የማጠቃለያ ሠንጠረዥና በየጊዜው የነበረውን ፍሰት የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ናቸው። በግራፉ ላይ ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታያል። ከሥሩ ያለው መስመር የውሃው ፍሰት ነው። ወደ ጎን የሚለካው ጊዜ ሲሆን ወደ ላይ የሚለካው በሴኮንድ የሚያልፈው ሜትር ኩብ ነው። መስመሩ እንደ ኮረብታ ወጥቶ ይወርዳል። የኮረብታው ጫፍ ጎርፉ የበረታበት ሰዓት ነው፤ ከኮረብታው ሥር የታቀፈው ስፋት ደግሞ የወረደው ውሃ ጠቅላላ መጠን ነው።

ጫፉና ጠቅላላ መጠኑ አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ከ100 ሄክታር ተፋሰስ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢወርድ መጠኑ 10,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ውሃ በ1 ሰዓት ቢወርድ በአማካይ በሴኮንድ 2.8 ሜትር ኩብ ያልፋል። በ6 ሰዓት ቢወርድ ግን ግማሽ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። የውሃው መጠን አልተለወጠም፤ ክትሩን የሚንደው ጉልበት ግን ተለውጧል። ስለዚህ «ጎርፉ ይቀንሳል» ሲባል የሚቀንሰው ጫፉ ነው ወይስ ጠቅላላ መጠኑ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ክትርና የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለሚሠራ ማኅበር ጫፉ ይበልጥበታል። ኩሬ ለሚቆፍር ማኅበር ግን ጠቅላላ መጠኑም ያስፈልገዋል።

ግራፍ ሲቀርብም ቢሆን ሁለት ነገሮች ዓይንን ሊያሳስቱ ይችላሉ። የመጀመሪያው የጊዜው አከፋፈል ነው። ያው 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ በዕለት አማካይ ቢሣል በሴኮንድ 0.12 ሜትር ኩብ ብቻ ሆኖ ይታያል። የዕለት ግራፍ ለትልቅ ወንዝ ጥናት ይጠቅማል፤ በትንሽ ተፋሰስ ላይ ግን የአንድ ሰዓቱን ደራሽ ጎርፍ ይሸሽገዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በዕለት አማካይ ተመክቶ የተሠራ ክትር በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው የመለኪያው ነገር ነው። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ግራፍ መለኪያውን እንደ ውጤቱ ራሱ ሊያስተካክል ይችላል። በዚህ ጊዜ ከእርከን በፊት የነበረው 3 ሜትር ኩብና ከእርከን በኋላ ይሆናል የተባለው 1 ሜትር ኩብ በሁለት ወረቀት ላይ እኩል ቁመት ይዘው ይታያሉ። ትንሹ ልዩነትም እንዲሁ ትልቅ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ስለሆነም ሁለቱ መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ፣ በአንድ መለኪያ ተሥለው መቅረብ አለባቸው።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ግን የተለካው መስመር የት አለ የሚለው ነው። ሶፍትዌር ዝናብም ጎርፍም አይለካም፤ የተሰጠውን ያሰላል እንጂ። ስሌቱ የሚታመነው በወንዙ ላይ ከተለካው ውሃ ጋር ተነጻጽሮ ሁለቱ መስመሮች ሲቀራረቡ ነው። ለዚህ በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ አካባቢ የሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስፋቱ 113 ሄክታር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አማካይነት ዝናቡ፣ ፍሰቱና ደለሉ ለዓመታት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ተሠርቶበታል። ስዋትን በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የፈተኑ ተመራማሪዎች ስሌታቸውን ያመሳከሩት እንዲህ ባለው መዝገብ ነው።

መዝገቡ ያስተማረው ሌላም ቁም ነገር አለ። በአንጀኒ፣ በማይባርና በአንዲት ጥድ የተለካው መረጃ እንደሚያሳየው እኩል ዝናብ ሁልጊዜ እኩል ጎርፍ አያመጣም። በሰኔ የሚወርደውን ዝናብ የደረቀው አፈር ብዙውን ይመጠዋል። በነሐሴ ግን መሬቱ ውሃ ስለሚጠግብ ያው ዝናብ አብዝቶ ይፈሳል። ደለሉ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ማሳው ታርሶ ቡቃያው ባልሸፈነበት በክረምቱ መግቢያ ውሃው ይበልጥ ይደፈርሳል። ከርቭ ነምበር የተባለውና በእነዚህ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚሠራበት የስሌት ዘዴ በአሜሪካ እርሻዎችና ተፋሰሶች ላይ በተገኘ ልምድ የተመሠረተ ነው። ለአገሩ አፈርና ክረምት ካልተስማማ የሰኔውን ጎርፍ ሊያበዛ፣ የነሐሴውን ሊያሳንስ ይችላል። ይህ ጉድለት በዓመታዊ ድምር ላይ አይታይም። በወር በወሩ በተሣለ ግራፍ ላይ ግን ይጋለጣል፤ ነሐሴ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ገበሬም ወዲያው ያየዋል።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ገበሬው ግራፍ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አይጠፉም። ስሌቱ የባለሙያ መሆኑ አያከራክርም። ጉልበቱ፣ መሬቱና የሚፈርሰው ክትር ግን የገበሬው ነው። የማኅበር ሒሳብ መዝገብ የሚያገላብጥ፣ የማዳበሪያ ዕዳ በየአባሉ የሚያከፋፍል መሪ አንድ ኮረብታ መስመር ማንበብ አይሳነውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያስረዳው ይበቃል።

በአንዳንድ መሪዎች ዘንድ የሚታየውም ድክመት ሳይነሣ አይታለፍም። በኪሎ ሜትር የተቆጠረ እርከን ሪፖርት ለማድረግ መጣደፍ እንጂ እርከኑ ውሃውን ምን እንዳደረገው መከታተል የተዘነጋበት ቦታ አለ። የፍሰት መለኪያ ጣቢያ የሌላቸው ትንንሽ ተፋሰሶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ማኅበሩ ራሱ መዝገብ መጀመር ይችላል። አንድ የዝናብ መለኪያና በወንዙ ዳር የሚተከል ምልክት የተደረገበት ዘንግ ለጅምር ይበቃሉ። ጎርፉ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ የደረሰበት ከፍታና የጎደለበት ጊዜ ይጻፍ። ሽማግሌዎች «ጎርፉ እዚህ ደርሶ ነበር» የሚሉት ዛፍና ድንጋይም ምልክት ይደረግበት። ባለሙያው ሲመጣ ይህን መዝገብ ከስሌቱ አጠገብ ያስቀምጠው።

እንግዲህ በሚመጣው ስብሰባ ላይ ቁጥር ብቻ ሲቀርብ ከማጨብጨብ በፊት አራት ጥያቄ ይጠየቅ። የተለካው መስመር የት አለ? ግራፉ የሰዓት ነው ወይስ የዕለት? ያለፈውና የሚመጣው በአንድ መለኪያ ተሥለዋል? ሰኔና ነሐሴስ ለየብቻ ታይተዋል? መልስ የተገኘለት ግራፍ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ክረምቱ ሲወጣም የዓመቱ ልክ ከጎኑ ይሣል። ያን ጊዜ ስሌቱ ልክ መሆን አለመሆኑን ባለሙያውም ገበሬውም ከአንድ ወረቀት ላይ ያነቡታል፤ የሚቀጥለው በጋ ጉልበትም የት እንደሚፈስ ሁለቱም አውቀው ይወስናሉ።